እትዬ ዘሃራ ጋራውን የከፈቱ ዕለት

ስልኬ ሲጮህ መርሳ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የደወለው ሙሄ ነው። ሙሄ ከውርጌሳ በላይ ካለች አንዲት የሐብሩ መንደር የሚኖር ገበሬ ነው፤ ሲደውል ሁልጊዜ ሳቁ ከቃሉ ይቀድማል። የዚያን ዕለት ግን ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰውም።

«እትዬ ዘሃራ አኼራ ሄዱ» አለኝ።

«መቼ?»

«ሱብሂ ሶላት ላይ። ከዙሁር በፊት እንቀብራቸዋለን። ትደርሻለሽ?»

የመረጥኩትን ሽንኩርት ለነጋዴዋ መልሼ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመ፤ ከውርጌሳ የያዝኩት ባጃጅ ደግሞ ዳገቱ አቃተውና የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ፣ እጃቸው ላይ የቀረውን አፈር እያራገፉ ነበር። ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረች ጎረቤታቸው እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ዛሬ መንደሩ ሁሉ ለቀብር ወጥቶ ፍየሎቻችን ብቻቸውን ናቸው። አንዷ ጋራው ውስጥ ገብታ ብትገኝ ማን እንደሚጮህብን እንጃ» አለች። ግማሾቹ ሳቁ፤ የሳቁትም መልሰው አለቀሱ።

እኔና እትዬ ዘሃራ የተዋወቅነው በጠብ ነው።

ያኔ በወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም። ከመንደሩ በላይ ያለው ጋራ ቀዩ ጋራ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአፈሩ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ቁጥቋጦ የለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ቆዳው የተገፈፈ ይመስላል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ድንጋይና ቀይ ጭቃ ጠርጎ ከሥር ያለው የማሽላ ማሳ ላይ ያራግፈዋል። ከብት ካልገባበት፣ ሰውም ካልቆረጠበት ጋራው ራሱን በራሱ ይመልሳል ብዬ ላስረዳ ነበር የሄድኩት። እንዲህ ያለውን መሬት ክልል እንለዋለን። አጥር የለውም፤ የሚዘጋው በስምምነት ነው።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ንግግሬን ሳልጨርስ አንዲት ረጅም ሴት ከኋላ ተነሱ። የሟች ባላቸውን ኮት በቀሚሳቸው ላይ ደርበዋል። ድምፃቸው ሸለቆውን አቋርጦ ማዶ ያለ ሰው የሚጠራ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ እዚያ ላይ ምን እንዳለ አይተሻል?»

«አሁንማ ምንም የለም፣ ግን...»

«እንግዲያ ከምኑ ነው የምትከለክይን? ከድንጋዩ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«የኔ ፍየሎች በዚያ ድንጋይ ነው የሚኖሩት። አንች በደሞዝሽ ትኖሪያለሽ፣ እኔ በፍየሌ። ደሞዝሽን እንዝጋልሽ?»

 ስብሰባው እስከ ከሰዓት ተጎተተ። በመጨረሻ ሰዉን ያሳመነው የኔ ንግግር ሳይሆን ያለፈው ክረምት ጎርፍ ነው፤ ማሳው በድንጋይ የተሞላበት ሰው ብዙ ነበርና። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ጋራው ይዘጋ ተባለ። የሚቀረው ማን ይጠብቅ የሚለው ነበር። ያኔ ገና ጎረምሳነቱ ያልለቀቀው ሙሄ ከጥግ ሆኖ፣ «እትዬ ዘሃራን ሹሙ! እሳቸው ካልገቡ ማን ይገባል?» አለ። ለቀልድ ነበር። ሰዉም እንደ ቀልድ ተቀበለው።

እትዬ ዘሃራ ኮታቸውን አስተካክለው ቆሙ። «እሽ። የሚበቅል ነገር ያለ አይመስለኝም። ግን የኔ ፍየል ካልገባች የማንም ፍየል አትገባም» አሉ።

እንዲህ ነው ጠባቂ የሆኑት። ይበቅላል ብለው ሳያምኑ ክልል የጠበቁ ሰው ከሳቸው ሌላ አላውቅም። ከፍየሎቻቸው አብዛኞቹን ሸጠው ጥቂቱን ደጃቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ ጋራው ሥር ነበሩ። ሕጉ ላይ፣ ከብቱ ገብቶ የተገኘ ሰው እርከን እንዲሠራ ተወስኖ ነበርና መጀመሪያ የተያዘው ማን ሆነ? ሙሄ! አንዲት ፍየሉ ገመዷን በጥሳ ገብታለች።

«እትዬ፣ የሾምኩዎት እኔ አይደለሁ እንዴ?» ብሎ ለመናቸው።

«አንተ ነህ። እንግዲህ የሾምከውን ቻል» አሉት።

ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ ካብ ካበ። እሳቸው ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው አሠሩት፤ ምሳውን ግን ከቤታቸው ያመጡለት ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ሣር አበቀለ። መግባት ባይፈቀድም አጭዶ መሸከም ስለሚቻል ሣሩን ለየቤቱ ተካፈሉት። ቀጥሎ ክትክታው መጣ፣ ከዚያ ግራሩና አጋሙ። እትዬ ዘሃራ ስልክ የሚደውሉልኝ ለወቀሳ ብቻ ነው። አንድ ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለ ደወሉ።

«አንች ልጅ፣ ጋራሽ ያበቀለው እሾህ ነው። እሾህ ይበላል?»

በማግስቱ ወጣሁ። እውነታቸውን ነው፤ አጋሙ ሰው አያሳልፍም። አንዱን የአጋም ቁጥቋጦ ግን በዱላ ከፈት አድርጌ ውስጡን አሳየኋቸው። በእሾሁ መሃል ቀጭን፣ ቅጠሏ ከሥር ነጣ ያለ ችግኝ ቆማለች።

በጉልበታቸው ተንበርክከው አዩዋት። «ይች ወይራ ናት።»

«ናት።»

«ማን ተከላት?»

«ወፍ። ሌላ ቦታ የወይራ ፍሬ በልታ እዚህ አጋም ላይ መጥታ ታርፋለች። ፍሬው ከኩሷ ጋር ይወድቃል። እሾሁ ደግሞ ከፍየል ይጠብቃታል።»

 ቀና አሉና ትልቅ ሳቅ ሳቁ። «ወፏማ ስብሰባም አልመጣችም!» አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አጋም በነኩ ሰዎች ላይ ሲጮሁ ከበፊቱ ይብስባቸው ጀመር። እሾህ ያሉትን ነገር «የወይራ እልፍኝ» ብለው ይጠሩት እንደነበር የሰማሁት ከጎረቤት ነው፤ ለኔ ነግረውኝ አያውቁም።

ዓመት ዓመትን ሲተካ ጋራው ሌላ ሆነ። ጎርፉ ጋብ አለ። ከሥሩ ያለችው፣ ቀድሞ ጥር ሲያልፍ ትደርቅ የነበረችው ምንጭ በጋውን መዝለቅ ጀመረች። ቆቅ መጣ፣ ጅግራ መጣ፣ ንብ አናቢዎች ቀፎ ሰቀሉ። ከዚያ ደግሞ ማንም ያልጠራቸው መጡ።

«ነይና ዝንጀሮሽን ውሰጅ!» የሚል ነው የዚያን ዓመት ስልካቸው።

ዝንጀሮው ብቻ አይደለም፤ ከርከሮውም ማታ ማታ እየወረደ የደረሰውን ማሽላ ያጋድመዋል። ጋራው ይቃጠል ያሉ ሰዎች ነበሩ። ስሄድ እትዬ ዘሃራ ማሳቸው ዳር ወንጭፍ ይዘው ተቀምጠዋል። የተጣለውን አገዳ አሳዩኝ።

«ጋራው ሲመለስ ባለቤቶቹም ይመለሳሉ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ባለቤቶቹ ማሽላ እንደሚወዱ ስብሰባው ላይ አልነገርሽንም።»

እውነት ነው፣ አልነገርኳቸውም።  መንደሩ በየተራ ማሳ መጠበቅ ጀመረ፤ ጋራው አጠገብ ያለውን ማሳ ዝንጀሮ በማይወደው ሰብል ለመተካት ሞከርን፤ አንዳንዱ ተሳካ፣ አንዳንዱ አልተሳካም። እሳቸው እየተማረሩ፣ ጋራው ይቃጠል ያለውን ሰው ግን ለወራት ሰላምታ ነሱት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ወደ መርሳ ሲቃረብ ልጆቼን ይዤ የሸሸሁት ወደ እትዬ ዘሃራ ቤት ነው። ሌላ ቦታም አልመጣልኝም። በሩ ላይ ቆመው፣ «ግቢ። ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» ብቻ አሉኝ። ልጆቼን ከራሳቸው መደብ ላይ አስተኟቸው።

መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ወፍጮው ቆመ። ከወልድያና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር የተፈናቀሉ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው እየመጡ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ። የመንደሩ ሰው ካለው ላይ ቀንሶ በቆሎና ማሽላ ሰጣቸው። እህሉ አልቸገረም ነበር፤ የቸገረው ማገዶው ነው። ኩበቱ አለቀ፣ አገዳው አለቀ፣ የየአጥሩ እንጨት ሳይቀር ነደደ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ልጆች ጥሬ እህል እየቆረጠሙ ሆዳቸው ተነፋ። ከመካከላቸው ታሞ የተኛው ብዙ ነበር።

አንድ ጠዋት ከእትዬ ዘሃራ ጋር ጋራው ሥር ስንሄድ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ስንደርስ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ የእጅ ውፍረት ያላት ወይራ ላይ መጥረቢያ አንስታለች። ግንዱ ግማሽ ድረስ ተበልቷል። ስሟ ትርንጎ እንደሆነ፣ ከቆቦ በኩል እንደመጣች በኋላ ነው ያወቅነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ሴትየዋ አልሸሸችም። «በቆሎ ልቀቅል ነው» አለች። «ጥሬውን ለልጆቹ ብሰጣቸው አመማቸው።»

እትዬ ዘሃራ እጃቸውን ዘረጉ። ሴትየዋ መጥረቢያውን ሰጠቻቸው። ይዘውት ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር። የቆሰለችውን ወይራ በመዳፋቸው ሲዳስሱ ቆዩ፤ ያዘለችውን ሕፃን አዩ፤ ሕፃኑ አያለቅስም፣ ለማልቀስም አቅም ያለው አይመስልም። ከዚያ መጥረቢያውን መለሱላት።

«ይችን ተያት፣ ወይራ ናት። ነይ ተከተይኝ።»

ክትክታው ወደበዛበት ወሰዷትና ከጉልበት በታች፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጋ እንድትቆርጥ አሳዩዋት። የመጀመሪያውን ራሳቸው ቆረጡት። 

በማግስቱ ከሱብሂ በኋላ ያን ድምፃቸውን ለቀቁት። መጥረቢያ ያለው መጥረቢያ፣ ገመድ ያለው ገመድ ይያዝ፣ ትምህርት ቤት የሰፈረውም ይምጣ፣ ጋራው ተከፍቷል አሉ። በሩ ላይ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ አንዴ ከተከፈተ ማን ይዘጋዋል? ስንት ዓመት ለፍተንበታል። ይጨርሱታል እኮ።»

«ይጨርሱት ይሆናል።»

«ታዲያ?»

«ክትክታና ግራር ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል ያልሽኝ አንች አይደለሽም?»

«ብያለሁ፣ ግን...»

«እነዚያ ልጆች ከሞቱ አያቆጠቁጡም» አሉኝና አልፈውኝ ሄዱ።

ተከተልኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? አሮጌ ነጠላቸውን ቀደው ሰጡኝና የማይነካውን ዛፍ በቁራጩ እየጠመጠምኩ ምልክት አደረግሁ። መጀመሪያ የደረቀ ይለቀም፣ ወይራና ዋርካ አይነካ፣ አጋም አይነካ፣ ሥር አይቆፈር፣ ከምንጯ በላይ ያለው ተዳፋት አይረገጥ አሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ቋጥኝ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። ሰዉ አብዛኛውን ጊዜ ሰማቸው። የማይሰማም ነበር፤ ከጥግ በኩል ሥሩን ቆፍረው የወሰዱ አሉ። ጭስ ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ ዞር ብለው ያዩትና ተመልሰው ይጮኻሉ። አንዴ ብቻ ፊታቸውን ወደ ቋጥኙ አዙረው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። እንዳየኋቸው አላሳወቅሁም።

መንገዱ ሲከፈትና ተፈናቃዮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የቀዩ ጋራ የታችኛው ግማሽ ጉቶ ብቻ ነበር። ትርንጎ ልትሰናበት መጥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሷት። «ሂጅ፣ መኪናው ይሄድብሻል። የልጅሽን ራስ ሸፍኚ» አሏት።

ብዙም ሳይቆይ መንደሩ ለስብሰባ ተጠራ። እዚያው ትምህርት ቤት ነው። የተነሳው ሙሄ ነው።

«እኔ አንዲት ፍየል ገብታብኝ ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ» አለ።  «አልተከፋሁም፣ ሕግ ነው። እትዬ ግን ግማሹን ጋራ ሲሰጡ ማንን ጠየቁ? ለደግ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። የኔም ቤት ተፈናቃይ ነበረበት። ቢጠይቁን እሽ እንል ነበር። ክልሉ የሁላችን ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም።»

ዘልዬ ተነሳሁ። የታመሙትን ልጆች፣ ጥሬ እህሉን፣ ሁሉንም ልናገር ነበር። እትዬ ዘሃራ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «አንች ቁጭ በይ» አሉኝ። ከዚያ ቆሙ።

«ሙሄ ልክ ነው። ሰው አልጠየቅሁም። ቅጡኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። አንዱ አንዱን አየ። በመጨረሻ ከጠባቂነት ይነሱ፣ የሚመጣውን ክረምት የሣር ድርሻም እንዳያገኙ ተባለ። በቦታቸው ሙሄ ተሾመ። እኔ ተቀየምኩት፤ መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቴን አዞርኩ።

እትዬ ዘሃራ አንዲት ላም ነበረቻቸው። የዚያን ክረምት ማታ ማታ አጥራቸውን አሻግሮ ሣር የሚጥልላቸው ሰው አልጠፋም። አንዳንዱን ቀን የሙሄ ሚስት እንደነበረች ሰፈሩ ያውቃል። ጠዋት ሲነሱ ሣሩን አስረው በጀርባቸው ይሸከሙና ሣር ከሚከፋፈልበት ቦታ ወስደው ይጥሉታል። ማንንም አይጠይቁም፣ ማንንም አይወቅሱም። ላሟ ስትከሳ ሲሪንቃ ላለች እህታቸው ወስደው ሰጧት። «ክረምቱ ሲያልፍ አመጣታለሁ» አሉ፤ አመጧትም።

ከጠባቂነት ከተነሱበት ዕለት ጀምሮ ጋራውን ተመልሰው አልረገጡትም። ክረምቱ መጣ፣ ጉቶው ማቆጥቆጥ ጀመረ። ሙሄ በሥራው ጠንካራ ሆነ፤ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደብኝ። ካንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ስለሚወጣ ጠንካራዎቹን አስቀርቶ ሌላውን እንዴት እንደሚያነሳ ሊጠይቀኝ ቢሮ ድረስ መጣ። አብረን ሠራን። እትዬ ዘሃራን ግን አንድም ቀን «ይምጡ» ሊላቸው ድፍረት አላገኘም።

የደፈረው በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ያኔ ልባቸው ደክሟል፣ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሙሄና እኔ ቤታቸው ሄድን። እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ጋራውን እናሳይዎት» አለ። አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ።

ቀስ እያልን ወጣን። ያ ጉቶ የነበረው ቦታ ክትክታው ከትከሻችን በልጧል። የላይኛው ጥላ ሲነሳ ብርሃን ያገኙት የወይራ ችግኞች ከአጋሙ ወጥተው ታዩ። ትርንጎ መቁረጥ የጀመረቻት ወይራ በቁስሏ ዙሪያ አብጣ ድናለች፤ ጠባሳዋን ዳስሰው አለፉ። መንገዳችን ላይ የድኩላ በጠጥ ነበር። ሥሩ ተቆፍሮ የተወሰደበት ጥግ ስንደርስ ግን አሁንም ቀይ አፈሩ እንዳፈጠጠ ነው። ከሁሉም ረጅም ጊዜ የቆሙት እዚያ ነው።

«ይኸስ?» አሉኝ።

«ይኸ ቆይቶ ነው የሚመጣ፣ እትዬ። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።»

አልተቆጡም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሙሄ ቆቡን አውልቆ ፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«ስለምኑ?»

«ያን ቀን ስላስቀጣሁዎት። ከዚያ ወዲህ ዓይንዎን ማየት ይከብደኛል።»

ግራ የገባቸው መስለው አዩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ዕለት ማንም ባይነሳ ምን ላደርግ እንደነበር ታውቃለህ? ራሴን ልከስ ነበር የመጣሁት።»

ሙሄ ቀና አለ። እኔም።

«እስኪ አስበው» አሉ። «ዘሃራ ስትከፍተው ዝም ከተባለች፣ ነገ ሌላው ይከፍተዋል። እሱም ምክንያት አያጣም። ሁላችሁም አፍራችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ስትቀመጡ፣ በቃ፣ ልጆቹን አድኜ ጋራውን ገደልኩት ብዬ ነበር። ኋላ አንተ ተነሳህ። አልሃምዱሊላህ፣ ጋራው ሰው አለው አልኩ። ያን ማታ ነው ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁት።»

 የሙሄ እንባ ጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም።

«ይልቅ አንሱኝ፣ ዙሁር ሳይደርስ እንውረድ» አሉ።

ባንድ በኩል እሱ ያዛቸው፣ በሌላው በኩል እኔ ያዝኳቸው። ቁልቁለቱን ክትክታውን በትከሻችን እየገፋን፣ እሳቸው ሲደክሙ እየቆምን፣ ሦስታችንም ተያይዘን ወረድን።